ሹካው ላይ ያለው 90 ምን ማለት ነው? የድሮ ብር ቅብ ማንኪያና ሹካ ማኅተሞች አነባበብ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ፎቶዎቹንም አንድ በአንድ አጉልቼ አየኋቸው። ሌሎችም እንዲከታተሉ ጥያቄውን ባጭሩ ላስቀምጠው። ከአክስትሽ አንድ ሣጥን ማንኪያ፣ ሹካና ቢላ ወርሰሻል። ዕቃው አንድ ወጥ አይደለም፣ ከተለያየ ስብስብ የተረፈ ነው። ትልልቆቹ ማንኪያዎች ጀርባቸው ላይ አራት ትንንሽ ማኅተሞች ተደርድረዋል፣ አጠገባቸውም አንዲት ትንሽ ባንዲራ አለች። ሹካዎቹ ላይ 90 የሚል ቁጥርና አንድ ወፍ አለ። ሁለት የሻይ ማንኪያዎች ላይ 1847 ተጽፏል። አንዲት ብቻዋን የቀረች የሾርባ ማንኪያ 84 ትላለች። ቢላዎቹ ደግሞ ስለታቸው ላይ የማይዝግ ብረት እንደሆኑ ተጽፎባቸው፣ ከእጀታው ጋር በሚገናኙበት ቀለበት ላይ አንበሳ የሚመስል ነገር አላቸው። አንቺም እንዲህ ብለሻል፦ "90ው 90 በመቶ ብር፣ 84ቷ 84 በመቶ ብር፣ 1847 የተሠሩበት ዓመት፣ አራቱ ማኅተሞች የእንግሊዝ የብር ማረጋገጫ ናቸው አይደል? ደህና አድርጌ ባሻቸውስ ይበልጥ ይነበባሉ?"

አራቱም ግምቶች ልክ አይደሉም። ማሸቱን ደግሞ እባክሽ ተዪው፣ ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሻለሁ። ግን ሣጥኑ ውስጥ ያላስተዋልሽው ነገር አለ፣ እሱም ቢላዎቹ ላይ ነው።

አንድ ነገር መጀመሪያ ይግባሽ፣ ሌላው ሁሉ ከሱ ይከተላል። ሙሉ ብር የሆነ ዕቃ ላይ ያለው ማኅተም ምስክር ነው። ሠሪው ያልሆነ ሌላ ወገን፣ የብር መመርመሪያ ቢሮ ወይም መንግሥት፣ ብረቱን ፈትሾ "ይህ ይህን ያህል ብር አለበት" ብሎ የመታው ወይም በሕግ ያስገደደው ነው። ብር ቅብ ላይ፣ ማለትም ከላይ ብቻ ብር የለበሰ ዕቃ ላይ ያለው ማኅተም ግን ሠሪው ስለ ራሱ የተናገረው ነው። ስሙን፣ አርማውን፣ ምን ያህል ብር እንዳለበሰው፣ አንዳንዴም ዝም ብሎ ገዢን የሚያማልል ነገር። ስለዚህ ሙሉ ብር ላይ ያለውን ማኅተም እንደ ሰነድ ታነቢዋለሽ፣ ቅብ ላይ ያለውን ግን እንደ ነጋዴ ቃል አዳምጠሽ ከብረቱ ጋር ታስተያዪዋለሽ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሁለተኛውን ዓይነት በመጀመሪያው ሕግ ስለሚያነበው ነው።

ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ማኅተሞቹም ካታሎጎቹም በዚያ ስለሆኑ።

ከባንዲራዋ ማንኪያዎች ልጀምር። አራቱን ማኅተሞች አጉልተሽ እያቸው። አንበሳ የለም፣ መልሕቅ የለም፣ የነብር ፊት የለም። አራት የላቲን ፊደላት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ትንሽ ጋሻ ውስጥ በጥንታዊ አጻጻፍ ተጠማዘው ተመትተዋል፦ ኢ፣ ፒ፣ ኤን፣ ኤስ። በኤሌክትሪክ ብር የተለበጠ ኒኬል ሲልቨር ማለት ነው። ኒኬል ሲልቨር ስሙ ብር ይበል እንጂ ጠብታ ብር የለበትም፤ የመዳብ፣ የዚንክና የኒኬል ድብልቅ ነው። "የጀርመን ብር"፣ "አልፓካ"፣ "ኖይዚልበር"፣ "አርጀንታን" ተብሎ የሚጻፈውም ያው እሱ ነው። "ኔቫዳ ሲልቨር" የሚል ብታገኚም እንዲሁ፣ በርሚንግሃም ውስጥ የነበረ ዳንኤል ኤንድ አርተር የሚባል ቤት (ድርጅት) ለራሱ የብረት ድብልቅ ያወጣው የንግድ ስም ነው፣ ብር የለውም።

ታዲያ ለምን እንደ ብር ማረጋገጫ በጋሻ በጋሻ አድርገው መቱት? አስበውበት ነው። የእንግሊዝ ሙሉ ብር ማኅተሞች በተርታ የሚመቱ ትንንሽ ቅርጾች ናቸው። የሚራመደው አንበሳ ብሩ 92.5 በመቶ መሆኑን ይመሰክራል። ከዚያ የከተማው ምልክት ይመጣል፦ የነብር ፊት ለለንደን፣ መልሕቅ ለበርሚንግሃም፣ ዘውድ (እስከ 1974 ድረስ) ለሼፊልድ። ከዚያ የዓመቱ ፊደል፣ ከዚያ የሠሪው ስም መነሻ ፊደላት። ከ1784 እስከ 1890 ድረስ የንጉሡ ወይም የንግሥቲቱ ፊት በጎን ሆኖ ይጨመር ነበር፣ ግብር መከፈሉን ለማሳየት። ብር ቅብ ሠሪዎቹ ይህንን ድርድር አይተው ፊደሎቻቸውን በተመሳሳይ መልክ ደረደሩ። ከርቀት ሲታይ አንድ ነው። ሲጠጋ ግን አንበሳ ከሌለ የእንግሊዝ ሙሉ ብር ነው ብለሽ አትያዢ። ስኮትላንድና አየርላንድ የየራሳቸው ምልክት አላቸው፣ ላንቺ ሣጥን ግን አያስፈልጉሽም።

ስለ ዘውድ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው በጣም የሚሳሳትበት ስለሆነ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ብር ቅብ ሠሪዎች አርማቸው ላይ ዘውድ ያስገቡ ነበር። ኤልኪንግተን የተባለው ትልቁ የበርሚንግሃም ቤት ራሱ ፊደላቱን በጋሻ አድርጎ ከላይ ዘውድ ይደፋበት ነበር። ዘውድ ግን የሼፊልድ መመርመሪያ ቢሮ የሙሉ ብር ምልክት ስለነበረ ገዢ ይምታታበት ጀመር፣ በ1890ዎቹም ቅብ ላይ እንዳይመታ ተከለከለ። ስለዚህ ግልጽ ቅብ የሆነ የእንግሊዝ ዕቃ ላይ ዘውድ ካየሽ ከዚያ በፊት የተሠራ የመሆኑ ዕድል ትልቅ ነው። ዘውድ አየሁ ብለሽ ግን ወደ ሙሉ ብር አትዝለይ።

ባንዲራዋ ግልጽ ናት። በሰንደቅ ላይ የምትውለበለብ ትንሽ ባንዲራ፣ ውስጧ ደብሊው እና ኤች ያላት፣ የሼፊልዱ ዎከር ኤንድ ሆል ናት። ቤቱ በ1845 ነው የተጀመረው፣ በኤሌክትሪክ የመለበጥን ሥራ ከኤልኪንግተን ፈቃድ ገዝተው። ኤልኪንግተኖች በርሚንግሃም ውስጥ ይህን ዘዴ በ1840 በፓተንት ያስመዘገቡ ናቸው። ጆን ራይት የሚባል የዚያው ከተማ ሐኪም ብሩ በሳያናይድ ውሁድ ውስጥ ሟሙቶ እኩል እንደሚያርፍ አግኝቶ ስለነበር የሱንም ግኝት ከራሳቸው ጋር አዋሕደውታል። ይህን የምነግርሽ ለታሪኩ ብቻ አይደለም። በኤሌክትሪክ መለበጡን የሚናገር ፊደል ያለበት ዕቃ ከ1840 በፊት ሊሆን አይችልም፣ "የ1700ዎቹ ነው" የሚልሽ ሻጭ ካጋጠመሽ ክርክሩ እዚያው ያልቃል። ከዚያ በፊት የነበረው ቅብ ቶማስ ቦልሶቨር ሼፊልድ ውስጥ በ1740ዎቹ የጀመረው ነው። የብር ሉህ ከመዳብ ሉህ ጋር በሙቀት ተዋህዶ አብሮ ይጠፈጠፋል። እሱም በአብዛኛው ለሻማ ማቆሚያ፣ ለትሪና ለሻይ ማፍያ ዓይነት ዕቃ እንጂ ለማንኪያና ሹካ ብዙ አልተሠራበትም።

እዚህ ላይ ልብ በይ፦ ዎከር ኤንድ ሆል ሙሉ ብርም ሠርቷል፣ ያችኑ ባንዲራ መትቶ። ጄምስ ዲክሰንም፣ ማፒን ኤንድ ዌብም፣ ኤልኪንግተንም እንዲሁ ሁለቱንም ሠርተዋል። የቤቱ ስም የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን ብረቱን አይነግርሽም። ሁልጊዜ ሁለት ጥያቄ ነው፦ ማን ሠራው፣ ከምን ሠራው። ለየብቻ ይመለሳሉ።

የሌሎቹን ቤቶች አርማ በዚሁ ልጥቀስልሽ፣ ወደፊት ይገጥሙሻል። መለከት ካየሽ የሼፊልዱ ጄምስ ዲክሰን ነው። "ፕሪንሲስ ፕሌት" የሚል ጽሑፍ የማፒን ኤንድ ዌብ የቅብ ስም ነው። "አልፋ ፕሌት" ካለ ቫይነርስ ነው። "ኤ 1" የሚለውን ብዙ ቦታ ታገኚዋለሽ። እንግሊዝ ውስጥ ይህ ቤቱ ለራሱ ዕቃ የሰጠው ደረጃ ነው፣ የአንዱ ቤት ኤ 1 ከሌላው ቤት ኤ 1 ጋር እኩል ነው ብሎ ማንም አልፈረመበትም። ከኤን ኤስ ይልቅ ቢ እና ኤም ፊደላት ካገኘሽ ደግሞ ከሥሩ ያለው ብሪታኒያ ሜታል ነው፣ አብዛኛው ቆርቆሮ ሆኖ አንቲሞኒና ጥቂት መዳብ ያለበት። ለስላሳ ነው፣ ይታጠፋል፣ ቅቡ ሲለቅ ጥቁር ግራጫ ሆኖ ይታያል፣ ቶሎም ይቀልጣል። ለብየዳ ከሰጠሽው አበቃለት።

አሁን ወደ 90ው። ወፏ ሰጎን ናት። ሰጎን የደብሊው ኤም ኤፍ ምልክት ናት፣ የጀርመኑ የጋይስሊንገን ፋብሪካ። ሥሩ ዳንኤል ሽትራውብ በ1853 የከፈተው ሥራ ነው፣ በ1880 ከሌላ ቤት ጋር ተዋሕዶ ነው በዚህ ስም የቀጠለው። ቁጥሩ በመቶኛ አይደለም፣ በግራም ነው። 12 ማንኪያና 12 ሹካ፣ በድምሩ 24 የገበታ ዕቃ ላይ 90 ግራም ብር ለብሷል ማለት ነው። አካፍይው፦ በአንድ ዕቃ 3.75 ግራም ገደማ። በስፋት ሲገለጽ ደግሞ 90 ግራም ለ24 ካሬ ዴሲሜትር ነው፣ ይህም ወደ 0.036 ሚሊሜትር ውፍረት ይመጣል። ለቅብ ይህ ጥሩ ውፍረት ነው፣ እውነቴን ነው። 90 የተመታባቸው ሹካዎች በደንብ ከተያዙ ሁለትና ሦስት ትውልድ ያገለግላሉ። አጠገቡ ሌላ ትንሽ ቁጥር ካለ፣ ለምሳሌ 45፣ ብዙ ጊዜ የዚያ ዓይነት ዕቃ አንድ ደርዘን ስንት ግራም ብር እንደለበሰ ነው የሚናገረው። 100 የሚልም አለ፣ አካሄዱ ያው ነው።

የጀርመን ሙሉ ብር በሦስት አሃዝ ነው የሚጻፈው፦ 800፣ 835፣ 900፣ 925። ከ1888 ጀምሮ ደግሞ ከቁጥሩ ጋር ግማሽ ጨረቃና ዘውድ አብረው ይመታሉ። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ በተሠራ ዕቃ ላይ ሁለት አሃዝ ወይም 100፣ ያለ ጨረቃ ማለት ቅብ፣ ሦስት አሃዝ ከጨረቃና ዘውድ ጋር ማለት ሙሉ ብር። የጀርመን ዕቃ ሲገጥምሽ ከዚህ የተሻለ ቶሎ የሚደርስ መለያ የለም። በዚያው አካባቢ ዝሆን ካየሽ የሳክሶኒው ቬልነር ነው፣ ድብ ካየሽ ደግሞ የኦስትሪያው በርንዶርፍ።

84 ላይ መጠንቀቅ አለብሽ፣ ይህ ቁጥር ሁለት ፍጹም የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። በድሮ የሩሲያ ዕቃ ላይ 84 ማለት ሙሉ ብር ነው። የሩሲያው መለኪያ ዞሎትኒክ ይባላል፣ ንጹሕ ብር 96 ነው፣ 84 ማለት ከ96 እጅ 84ቱ ብር ነው፣ በዛሬው 875 ማለት ነው። እንዲህ ያለ ማንኪያ ከሆነ አጠገቡ የከተማ ወይም የሴት ፊት ምልክት፣ የመርማሪና የሠሪ ፊደላት በሲሪሊክ ታገኛለሽ። ያንቺዋ ማንኪያ ግን ሌላ ነገር ነው ያላት። 84ቱ አጠገብ ፍጹም ካሬ የሆነ ማኅተም አለ፣ ውስጡ ሚዛን ይታያል፣ ጎን ላይ ደግሞ ክሪስቶፍል የሚለው ስም ሙሉ በሙሉ ተመትቷል፣ በፎቶሽ ላይ የመጀመሪያዎቹ ፊደላት ደብዝዘው ነው እንጂ። ክሪስቶፍል የፓሪስ ቤት ነው። ሻርል ክሪስቶፍል የኤልኪንግተንን የመለበጥ መብት ለፈረንሳይ በ1842 ገዝቶ ነው በዚህ ሥራ የገነነው። እዚያም 84 ልክ እንደ ጀርመኖቹ ግራም ነው፣ ለ12 ማንኪያና 12 ሹካ።

ፈረንሳዮች ላይ የምወደው ነገር የማኅተሙ ቅርጽ ራሱ መናገሩ ነው። ከ1797ቱ ሕግ ጀምሮ ሙሉ ብር የሚሠራ ሰው ማኅተሙ በጫፉ የቆመ አልማዝ መሰል ቅርጽ እንዲሆን፣ ቅብ የሚሠራ ደግሞ ማኅተሙ ካሬ እንዲሆን ተገድዷል። ፊደሉ ቢጠፋም እንኳ የጠርዙ ቅርጽ ከተረፈ መልሱን ይሰጥሻል። ሙሉ ብር ከሆነ ደግሞ ከ1838 ወዲህ የራስ ቁር ያደረገች ሚኔርቫ የምትባል አምላክት ፊት ይጨመርበታል። በብር ቅብ ዓለም ውስጥ ሕግ ለገዢው በግልጽ ከቆመባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይህ ነው፣ ሌሎች አገሮችም ቢከተሉት ኖሮ እኔና አንቺ ይህን ሁሉ አንጽፍም ነበር።

1847 ያለባቸው የሻይ ማንኪያዎች አሜሪካዊ ናቸው። ሙሉ ጽሑፉ "1847 ሮጀርስ ብሮስ" ነው። ሮጀርስ የሚባሉ ወንድማማቾች ኮነቲከት ውስጥ ቅብ ሥራ የጀመሩበት ዓመት ነው፣ በኋላ ግን የንግድ ስም ሆነ። መሪደን ብሪታኒያ ኩባንያ በ1862 ስሙን ወሰደው፣ በ1898 ደግሞ ይህ ኩባንያ ከሌሎች ጋር ሆኖ ኢንተርናሽናል ሲልቨር ውስጥ ገባ። ስሙ ግን እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ 1847 የሚል ማንኪያ በ1940ዎቹ የተሠራ ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜም እንደዚያው ነው። "1881 ሮጀርስ" የሚልም አለ፣ እሱ ደግሞ በኋላ ኦናይዳ በሚባል ሌላ የአሜሪካ ቤት እጅ የገባ ሌላ የንግድ ስም ነው። ሮጀርስ የሚል ስም ተቀጥላውን እየቀያየረ ብዙ ቤቶች ተጠቅመውበታል፣ በፍርድ ቤትም ተካሰውበታል። ከስሙ በፊትና በኋላ ያለውን እያንዳንዷን ፊደል፣ ኮከብና ንስር ሳይቀር፣ ሳትዘዪ ገልብጪ።

የአሜሪካ ዕቃ ዕድሜ የሚታወቀው በቅርጹ ነው። እዚያ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ጌጥ ነበረው፣ ጌጡም ስምና የወጣበት ዓመት አለው። እጀታው ላይ የወይን ዘለላ ያለበት የሮጀርስ ዕቃ ካገኘሽ፣ "ቪንቴጅ" የተባለው በ1904 የወጣው ሊሆን ይችላል። "ፈርስት ላቭ" የተባለው በ1937 ነው የወጣው። ያንቺዎቹን እጀታ ከፊት አንስተሽ አልላክሽልኝም፣ የሚያስፈልገኝ እሱ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ግን ይህ አይሠራም። "ኦልድ ኢንግሊሽ"፣ "ፊድል"፣ "ኪንግስ" የተባሉትን ቅርጾች ሁሉም ቤት ሠርቷቸዋል። የእንግሊዝን ማንኪያ በቅርጹ ሠሪውን ለማግኘት አትድከሚ።

የእንግሊዝን ዕቃ ዘመን ለመገመት ሌሎች መንገዶች አሉ። ከ1842 እስከ 1883 ድረስ የተመዘገበ ዲዛይን አልማዝ ቅርጽ ያለው፣ በየማዕዘኑ ፊደልና ቁጥር የያዘ ምልክት ነበረው። ከ1884 ጀምሮ አር እና ዲ ፊደላት ተጽፈው ተራ ቁጥር ይከተላል፣ ከ1 ተነስቶ በ1900 መጀመሪያ ወደ 351,000 ደርሶ ነበር። ሁለቱም ዲዛይኑ የተመዘገበበትን ጊዜ እንጂ ያቺ ማንኪያ የተሠራችበትን ቀን አይናገሩም። ዲዛይኑ ከተመዘገበ ከዓመታት በኋላም እየተመታ ሊቀጥል ይችላል። የአገር ስም ደግሞ ሌላው ፍንጭ ነው። አሜሪካ በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ መሠረት ከ1891 ጀምሮ ወደ እርሷ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት ስላስገደደች "ኢንግላንድ" የሚል ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ከዚያ ወዲህ ነው። ጽሑፉ አለመኖሩ ግን የዕድሜ ማስረጃ አይሆንም፣ ለአገር ውስጥ ገበያ የተሠራው ላይጻፍበት ይችላል። ኤልኪንግተን ለብቻው የዓመት ፊደል ይመታ ነበር። የፊደሉ አጻጻፍና የጋሻው ቅርጽ አብረው ካልታዩ ግን አንዱን ዙር ከሌላው ትቀላቅያለሽ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ በጎን አንስተሽ ነበር፣ ማንኪያዎቹ እጀታ ፊት ላይ ስላለው የተጠላለፈ ፊደል። እሱ የሠሪው አይደለም። ማኅተም በመዶሻ ወይም በማተሚያ ይመታል፣ ጠርዙ ስለታም ይሆንና ወደ ውስጥ ይገባል። ያ ፊደል ግን በመቅረጫ መሣሪያ የተቀረጸ ነው፣ መስመሩ ቀጥኖ ይጀምርና ሰፍቶ እንደገና ይቀጥናል። የባለቤት ስም ነው። ሆቴሎች፣ የመርከብና የባቡር ድርጅቶችም አርማቸውን ያስቀርጹ ወይም ያስመቱ ነበር፣ እነሱ የሚያሠሩት ዕቃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከቤት ዕቃ ይከብዳል። የሻጭ ሱቅ ስምም ጀርባ ላይ ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ስም አየሽ ማለት ሠሪ አገኘሽ ማለት አይደለም።

ማኅተሙን ሳትጎጂ ስለ ማንበብ። ዕቃው ጠቁሯል፣ እውነት ነው። ጥቁሩ ግን አሁን እየረዳሽ ነው፦ በማኅተሙ ጎድጓዳ ውስጥ ተቀምጦ ፊደሉን ያጎላል። ብር በኬሚካል ሲጠቁር የላይኛው ስስ ሽፋን ወደ ብር ሰልፋይድ ይለወጣል፣ አሻሽተሽ ስታነሺው ያንን ብር ይዞ ይሄዳል። ሙሉ ብር ላይ ይህ ኪሳራ ትንሽ ነው። ያንቺ ግን 0.036 ሚሊሜትር እንኳ ላይሞላ የሚችል ነው። የጥርስ ሳሙና፣ አመድ፣ ሻካራ ስፖንጅ፣ ዕቃው ተነክሮ የሚወጣበት ፈሳሽ ማጽጃ፣ አንዳቸውንም አትንኪ። ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና አጥበሽ፣ ወዲያው በለስላሳ ጨርቅ አድርቂው። ቢላዎቹን ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፊ። የቢላ እጀታ ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ በሙጫ የተሞላ ነው፣ ሙቅ ውሃ ሲገባበት ሙጫው ይለሰልስና ስለቱ ይወልቃል።

ከዚያ ስልክሽን ያዢና ወደ ጨለማ ቦታ ሂጂ። መብራቱን ፊት ለፊት አታብሪው፣ ከጎን ዝቅ አድርገሽ ማኅተሙን እየገረፈ እንዲያልፍ አድርጊው። ዕቃውን ቀስ እያልሽ ስታዞሪው አንድ ቦታ ላይ ፊደሉ ድንገት ብድግ ይላል፣ ያኔ አንሺው። ከአራት አቅጣጫ አንሺ፣ አንዱ ጥላ የሸፈነውን ሌላው ይገልጠዋል። ያረጀ ማኅተም ከሆነ ስስ ወረቀት ከላይ አድርገሽ በለስላሳ እርሳስ በጎኑ ቀለል አድርገሽ ብትፈጊው ፎቶ ያላሳየሽን ታገኛለሽ። ማኅተሙ ጠርዙ ለስልሶ፣ ውስጡ የሞላ የሚመስል ከሆነ ዕቃው በድጋሚ ተለብጦ ሊሆን ይችላል። አዲሱ ብር ጎድጓዳውን ሞልቶታል ማለት ነው። ያ ብረቱ ጥሩ እንደነበር ያሳያል፣ ሰው ለማይረባ ዕቃ ገንዘብ አውጥቶ አያስለብጥም፣ ሰብሳቢዎች ግን የመጀመሪያውን ይመርጣሉ።

ማኅተሙ ጨርሶ ካልተነበበ ብረቱን ጠይቂው። ቅብ የሚለቅበት ቦታ ይታወቃል፦ የማንኪያው ሆድ ጀርባ ጠረጴዛ ላይ የሚያርፍበት፣ የእጀታው ጫፍ ጀርባ፣ የሹካው ጥርስ ጫፎች። እዚያ ላይ ከሥር ቢጫ ቢጤ ግራጫ ካየሽ ኒኬል ሲልቨር፣ ቀይ ካየሽ መዳብ፣ ጥርት ያለ ቢጫ ካየሽ ናስ፣ ደብዛዛ ጥቁር ግራጫ ካየሽ ብሪታኒያ ሜታል ነው። ሙሉ ብር ቢያልቅም ከሥሩ ያው ብር ነው። ማግኔት አስጠጊ፣ ከያዘ ከሥሩ ብረት አለ። ካልያዘ ግን ብር ነው ማለት አይደለም፣ መዳብም ኒኬል ሲልቨርም በተለመደው የማንኪያ ድብልቅ ማግኔት አይይዛቸውም። በአሲድ እንፈትነው የሚልሽ ሰው ዕቃሽ ላይ የማይጠፋ ጠባሳ ጥሎ ሊሄድ ይችላል፣ ቅብን ለመለየት ደግሞ ከሽፋኑ አልፎ መፋቅ ይኖርበታል። ለዚህ ሣጥን አያስፈልግም።

"ብሩን አስቀልጬ ብሸጠውስ?" ላልሽው፣ አታደርጊው። በአንድ ሹካ ላይ ያለው ከ4 ግራም በታች ነው፣ ያውም አዲስ ሳለ። ከኒኬል ሲልቨሩ ለመለየት የሚወጣው ወጪ ይበልጠዋል። የነዚህ ዕቃዎች ዋጋ ዕቃ ሆነው ሲቀሩ ነው። የሰጎን ሹካዎቹ ቁጥራቸው ከሞላ፣ ጥርሳቸው ካልተበላ፣ አብረው ይሂዱ እንጂ አትበታትኛቸው።

አሁን ቢላዎቹ። በጨረፍታ ያየሻቸው ትንንሽ ምልክቶች፣ እጀታውና ስለቱ በሚገናኙበት ቀለበት ላይ ያሉት፣ እውነተኛ ናቸው። የሚራመድ አንበሳ አለ፣ ዘውድ አለ፣ አንድ ፊደል አለ፣ የሠሪ መነሻ ፊደላት አሉ። ዘውድና አንበሳ አብረው ሲሆኑ የሼፊልድ መመርመሪያ ቢሮ ነው፣ ቀለበቱ ሙሉ ብር ነው ማለት ነው። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ብቸኛው ሙሉ ብር እነዚህ ስስ ቀለበቶች ናቸው፣ ክብደታቸው ትንሽ ነው፣ ግን የተሠሩበትን ዓመት በትክክል የሚነግሩሽ እነሱ ብቻ ናቸው። ሼፊልድ በየዓመቱ ፊደል ይቀይር ነበር፣ ፊደሎቹ ሲያልቁ በሌላ አጻጻፍ ወይም በሌላ የጋሻ ቅርጽ እንደገና ይጀምራል። አንዱ ዙር በ1893፣ ቀጣዩ በ1918፣ ከዚያ በ1943 ጀምሯል።

ስለቱ ላይ የተጻፈው ግን ከቀለበቱ ጋር ላይስማማ ይችላል። የማይዝግ ብረት ሼፊልድ ውስጥ በሃሪ ብሬርሊ እጅ የተገኘው በ1913 ነው፣ የገበታ ቢላ ላይ በሰፊው የገባው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የቀለበቱ ፊደል ከ1913 በፊት ከሆነ ስለቱ በኋላ የተቀየረ ነው። ይህ በጣም የተለመደ ነበር፣ ሰዎች ጥሩ እጀታቸውን ይዘው የሚዝገውን ስለት ያስቀይሩ ነበር። እንዲህ ከሆነ ሐሰተኛ ዕቃ አልያዝሽም፣ ሁለት ዕድሜ ያለው ዕቃ ነው የያዝሽው።

በላክሽው ፎቶ ፊደሉ ትንሹ ኤፍ ወይም ትንሹ ቲ ይመስለኛል፣ ጥላ ስላለበት በእርግጠኝነት አልለየሁትም። ሦስት ፎቶ ላኪልኝ፦ የአንዱን ቢላ ቀለበት ከጎን በሚመጣ ብርሃን፣ ፊደሉም ጋሻውም ሙሉ ሆኖ፤ የሌላ ቢላ ቀለበት እንዲሁ፣ ሁሉም አንድ ዓመት መሆናቸውን ለማየት፤ እና የ1847ቱን ማንኪያ እጀታ ከፊት። እስከዚያው ቢላዎቹን ውሃ አታስነኪያቸው።